ባሕር ጠልቆ ወደ ደብረ ብርሃን መመለስ፦ የጠለቃ መድን ለእኛ ለደጋ ሰዎች

የጠባሴዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ብዙዎቻችሁ ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር፣ መንዝና ሸዋ ሮቢት አካባቢ እንደምትኖሩ ስለማውቅ ይህንን የምጽፈው ለእናንተ ብዬ ነው። ባለፈው ኅዳር ግብፅ ሄጄ ቀይ ባሕር ውስጥ በአየር ሲሊንደር ጠልቄ ነበር። ዛሬ ደህና ነኝ፤ እጄም ይሠራል። ደህና የሆንኩት ግን ቦርሳዬ ውስጥ የጠለቃ መድን ካርድ ስለነበረ ነው። ካርዱ ላይ ደግሞ የሚደወልበት ስልክ ቁጥር ነበረ።

ለሥራ ሥልጠና ካይሮ ተልኬ ነበር። ሥልጠናው ሲያልቅ የዓመት ፈቃዴን ጨምሬ ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻዋ ከተማ ወደ ሁርጋዳ ወረድኩ። ዋና ሐዋሳ ስማር ለምጃለሁ፤ ባሕር ግን በዐይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። እስከ 18 ሜትር የሚያስፈቅደውን የመጀመሪያ ደረጃ የጠለቃ ኮርስ በአራት ቀን ጨረስኩ። በመጀመሪያው ቀን አስተማሪዬ “መድን አለሽ?” ብሎ ጠየቀኝ። አለኝ ብዬ የጉዞ መድኔን ወረቀት ሰጠሁት። ገለጥ ገለጥ አድርጎ ሦስተኛው ገጽ ላይ ጣቱን አሳረፈ። “በመተንፈሻ መሣሪያ ታግዞ ውሃ ውስጥ መጥለቅ” የሚለው ከፓራሹት ዝላይና ከተራራ መውጣት ጋር ውሉ ከማይሸፍናቸው ነገሮች ተርታ ተጽፏል። ወረቀቱን አዲስ አበባ ስቀበል ያንን ገጽ አላነበብኩትም ነበር።

ማታውኑ የጠለቃ መድን በኢንተርኔት ገዛሁ። የእኔ የባንክ ካርድ ስላልሠራ ከውሎ አበሌ ዶላር ለአስተማሪዬ ሰጥቼው በእሱ ካርድ ከፈለልኝ። የዓመቱ አረቦን ለሁለት ቀን ጠለቃ ከምከፍለው ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ቢሆንም ሲወጣ አንገብግቦኛል።

በመጨረሻው ቀን ጊፍቱን ደሴት አጠገብ ሁለት ጊዜ ጠለቅን። ሁለቴም ከ18 ሜትር አላለፍንም። ስንወጣ ቀስ ብለን ነው የወጣነው፤ አምስት ሜትር ላይም ሦስት ደቂቃ ቆይተናል። የጣስኩት ሕግ የለም። ማታ ሆቴል ገብቼ ግራ ትከሻዬን ያመኝ ጀመር፤ ቀኑን ሙሉ እንስራ ተሸክሜ የዋልኩ ያህል ከአጥንቱ ውስጥ የሚመጣ ሕመም ነው። ሲሊንደሩ ነው ብዬ ተውኩት። ሸሚዜን ልቆልፍ ስል ግን ቁልፉ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል አይሰማኝም። ዐይኔ ያየዋል፤ ጣቴ የለም ይለኛል።

በማግስቱ ወደ ካይሮ፣ ከካይሮ ማታ ወደ አዲስ አበባ እበራለሁ። ወንድሜ ቦሌ ተቀብሎኝ በመኪና ወደ ቤት ይወስደኛል። ያን ጊዜ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ቤቴ ልግባ፣ እናቴ ወገቤንና ትከሻዬን በቅቤ ታሸኝ፣ ይሻለኛል።

ካርዱ ላይ ባለው ቁጥር ደወልኩ። ያነሳው ሐኪም ስለ ገንዘብ አንድም ቃል አልተናገረም። ስንት ጊዜ ጠለቅሽ? ምን ያህል ጥልቀት? መጨረሻ ከውሃ የወጣሽው ስንት ሰዓት ነው? ሽንት ትሸኛለሽ? ዐይንሽን ጨፍነሽ ቀጥ ብለሽ ቁሚ አለኝ። ቆምኩ፤ ወደ ግራ ዘመምኩ። ቀጥሎ “የምትኖሪው የት ነው?” አለ። ደብረ ብርሃን አልኩት። አያውቃትም። “ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር ላይ ናት?” ሲለኝ 2840 አልኩት። ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ “ይህ እኮ የአውሮፕላን ውስጥ አየር ከሚስተካከለው ከፍታም ይበልጣል። ዛሬም ነገም የትም አትሄጂም” አለኝ።

ሕመሙ ሰውነት ውስጥ የሟሟ ጋዝ አረፋ ሲሆን የሚመጣ ነው፤ ከፍታ ያብሰዋል። ኦክስጅን ሰጥተው በመኪና ወደ ግፊት ክፍሉ ወሰዱኝ። ክፍሉ ተጋድሞ የተቀመጠ ትልቅ የብረት በርሜል ይመስላል። ወደ ውስጥ አስገብተው የ18 ሜትር ጥልቀት ያህል ግፊት ጫኑብኝ፤ ከዚያ ንጹሕ ኦክስጅን እየተነፈስኩ፣ በየመካከሉም ተራ አየር እየተሰጠኝ በትንሽ በትንሹ አወጡኝ። አራት ሰዓት ከአርባ አምስት ደቂቃ ፈጀ። የለበስኩትን የጥጥ ልብስ ስፌት በሌባ ጣቴ ስዳስስ ቆይቼ፣ ወደ ሁለተኛው ሰዓት ላይ ክሩ ተሰማኝ። አለቀስኩ። በማግስቱ አጠር ያለ ሁለተኛ ዙር ነበረኝ። ከዚያም ሐኪሙ ፈቃድ እስኪሰጠኝ ድረስ ለመብረር ቀናት ጠበቅሁ። አዲስ አበባ ገብቼም አክስቴ ቤት ሰነበትኩ እንጂ ወዲያው ወደ ላይ አልወጣሁም።

የሕክምናው ሒሳብ ከዓመት ደመወዜ ይበልጣል። ከእኔ እጅ አንድ ብር አልወጣም፤ መድኑ ለሆስፒታሉ የክፍያ ዋስትና ደብዳቤ የላከው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ነው።

የምለምናችሁ ይህን ነው። ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም ለሽርሽር ባሕር ያለበት አገር ሄዳችሁ ለመጥለቅ ካሰባችሁ፣ ከሲሊንደሩ በፊት መድኑን ያዙ። እኛ ወደ ቤት የምንመለሰው ወደ ላይ ነው።

---

የሞላሌው

ልጄ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈሽ። እኔ በእርሻ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ የማልገባበት ነገር ይመስለኛል፤ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። እኛ መንዝ ውስጥ እድር አለን። አባቴም አያቴም በእድር ነው የተቀበሩት። ለማላውቀው የውጭ ድርጅት ገንዘብ ከፍሎ ክፉ ቀንን መጠበቅ ክፉን መጥራት አይሆንም ወይ? ውሃ እንደሆነ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ባይገባበት አይሻልም?

---

የጠባሴዋ

ጋሼ፣ ስለ ምርቃትዎ አመሰግናለሁ። እናቴም ልክ እንደ እርስዎ ነው ያለችኝ። ባይገባበት ይሻላል የሚለውን አልከራከርዎትም፤ እያንዳንዱ ሰው ከራሱ ጋር የሚመክርበት ነው። እኔ ግን ከውሃው በታች ያየሁትን ዓሣና ዛጎል ሳስብ ዛሬም ደስ ይለኛል፤ አልጸጸትበትም።

እድሩን በተመለከተ ግን፣ እድር ድንኳን ተክሎ፣ ንፍሮ ቀቅሎ ሐዘንተኛውን የሚያጽናናው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። እኔን ያ ሐኪም የደረሰልኝ በቁሜ ነው። ደግሞም እድራችን የቱንም ያህል ቢጠነክር ሁርጋዳ ድረስ ሌሊት ደርሶ “ይህች ልጅ የእኛ ናት፣ ሒሳቡን እኛ እንከፍላለን” ሊልልኝ አይችልም። የወር መዋጮ መክፈል ሞትን መጥራት ነው ብለው እርስዎም አያምኑም መቼም።

---

የሞላሌው

አላምንም። እውነትሽን ነው። የልጅ ልጄ ጅቡቲ ወደብ ላይ ነው የሚሠራው፤ አሳይቼዋለሁ፣ አንብቦታል።

---

የጋላፊ ሾፌር

እህቴ፣ ይህ ጽሑፍ ለእኔ የተጻፈ ነው የመሰለኝ። ከጅቡቲ ጭነት ይዤ በጋላፊ፣ በሚሌና በባቲ አድርጌ ኮምቦልቻ ከገባሁ በኋላ በሸዋ ሮቢትና በደብረ ሲና ወደ ደብረ ብርሃን የምወጣበት ጊዜ ብዙ ነው። የጣርማ በርን ዋሻ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩት አላውቅም። የእህቴ ልጅ በጥር ከጓደኞቹ ጋር ጅቡቲ ሄዶ ሊጠልቅ ተዘጋጅቷል። መመለሻውን ከእኔ ጋር በመኪና ነው ያሰበው፤ አውሮፕላን ስለማይሳፈር ምንም የለበትም ብለን ነበር። አሁን ግን ተጨነቅሁ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጣርማ በር ላይ ጠጥቼ ጥርቅም አድርጌ የከደንኩት የፕላስቲክ ውሃ መያዣ ሸዋ ሮቢት ስደርስ ሰው የረገጠው ይመስል ጭምድድ ብሎ ነው የማገኘው። ሚሌ የገዛሁት ብስኩት ደግሞ ጣርማ በር ላይ እሽጉ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ሊፈነዳ ይደርሳል። ሃያ ዓመት ሙሉ ሳየው ሰው ሰውነት ውስጥም ይህ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም።

---

ሲስተር ከደብረ ሲና

ወንድሜ፣ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ እኔም አላመጣም። እንዲያውም አንድ ልጨምርልዎት። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ እንደታሸገ ሲያዩት አረፋ የለውም። ጋዙ ግን እዚያው ውሃው ውስጥ በግፊት ሟሙቶ ተቀምጧል። በቀስታ ከፈቱት ቀስ እያለ ይወጣል፤ በአንድ ጊዜ ከፈቱት ግን ይፈላል፣ ይገነፍላል። ጠላቂም እንደዚሁ ነው። በየ10 ሜትሩ የአንድ ከባቢ አየር ያህል፣ ማለትም ባሕር ጠለል ላይ አየር የሚጫነንን ያህል ግፊት ስለሚጨመር፣ ከሚተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ናይትሮጅን በደሙና በሥጋው ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብሎ ሲወጣ በሳንባው በኩል ይወጣለታል። በፍጥነት ከወጣ ወይም ገና ሳይወጣለት ወደ ከፍታ ከተጓዘ፣ መገጣጠሚያው፣ ነርቩ ወይም ኅብለ ሰረሰሩ ውስጥ አረፋ ይሆናል። መውጣት ማለት ደግሞ አውሮፕላን ብቻ አይደለም። መኪናም ያወጣል።

ለጠላቂዎች የወጣው የታወቀው የበረራ መመሪያ አንድ ጊዜ ብቻ ለጠለቀ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት፣ ሲወጣ ናይትሮጅኑ እንዲወጣለት መንገድ ላይ የግዴታ ቆይታ ለነበረው ደግሞ ከ18 ሰዓት በእጅጉ የሚበልጥ ጊዜ ጠብቅ ይላል። ነገር ግን እዚህ ላይ አስምሩበት፤ ይህ መመሪያ የተሠራው ከ610 እስከ 2438 ሜትር ለሚደርስ ከፍታ ነው። አዲስ አበባ በጭንቅ ውስጡ ትገባለች። ደብረ ብርሃን አትገባም። ከ3000 ሜትር በላይ ያለው ጣርማ በርማ ጭራሽ አይታሰብም። ስለዚህ 18 ሰዓት ጠብቆ ይምጣ ብዬ ልመክርዎት አልደፍርም። የእኔ ልጅ ቢሆን ከመጨረሻው ጠለቃ በኋላ ሁለት ሌሊት እዚያው አሳድረው ነበር፤ ከመነሳቱም በፊት ለመድኑ ሐኪም ደውሎ “የምሄድበት መንገድ ይህን ያህል ይወጣል” ብሎ እንዲናገር አደርገው ነበር። የጠለቃ መድን ትልቁ ጥቅም ለእኔ ይህ ነው፦ የከፍታን ነገር የሚያውቅ ሰው በስልኩ ማዶ መኖሩ።

ሌላው፣ እባካችሁ፣ ጠልቃችሁ ከመጣችሁ በኋላ ትከሻ፣ ጉልበት ወይም ክርን ቢያማችሁ፣ ቆዳችሁ ዥንጉርጉር ቢሆን፣ ቢያደነዝዛችሁ፣ ቢያዞራችሁ፣ ያለ ልክ ቢደክማችሁ ወደ እኛ ስትመጡ መጀመሪያ “ባሕር ጠልቄ ነበር” በሉን። ካልነገራችሁን የጡንቻ ሕመም ነው ብለን ማስታገሻ ሰጥተን ወደ ቤት ልንሰዳችሁ እንችላለን። ደብረ ሲና ድንገተኛ ክፍል የሚመጣ ትከሻ የታመመ ሰው ወይ እንጨት ሲፈልጥ ነው፣ ወይ ከበቅሎ ወድቆ ነው። ባሕር ማንም አያስብም። አብዛኛው ምልክት የሚታየው ከውሃ ከወጡ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ነው፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የሚጀምር ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ያ 24 ሰዓት ከቦሌ ደብረ ብርሃን ለመግባት ከበቂ በላይ ነው።

---

መምህር ከአንኮበር

ሲስተር ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። ይህ ሕመም ከጠለቃ ስፖርት በፊትም ይታወቅ ነበር። ኒው ዮርክ ውስጥ የብሩክሊን ድልድይ ሲሠራ ሠራተኞች ወንዙ ሥር በተጨመቀ አየር በተሞላ ክፍል ውስጥ መሠረቱን ይቆፍሩ ነበር፤ ሲወጡ ብዙዎች ታመሙ። የሥራው ዋና መሐንዲስ ዋሽንግተን ሮብሊንግ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1872 በዚሁ ሕመም ወደቀ፤ የቀረውን ሥራ የመራው በአብዛኛው ቤቱ ሆኖ፣ በሚስቱ በኤሚሊ እየተላላከ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ስኮት ሃልዴን ደግሞ በፍየሎች ላይ ሞክሮ የመጀመሪያውን የአወጣጥ ሠንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1908 አሳተመ። ዛሬ ጠላቂዎች እጅ ላይ የሚያስሩት ኮምፒውተር የዚያ ሠንጠረዥ የልጅ ልጅ ነው።

አንድ ስጋት ግን አለኝ። መድን የያዘ ሰው አይደፍርም ወይ? ብጎዳም ይከፈልልኛል ብሎ ከአቅሙ በላይ የሚጠልቅ ይኖራል። ተማሪዎቼን ሳስብ ይህ ያሳስበኛል።

---

የጠባሴዋ

መምህር፣ ስጋትዎ ይገባኛል። የገዛሁትን ውል ግን ኋላ ላይ ቁጭ ብዬ አንብቤዋለሁ። ከሠለጠንኩበት ጥልቀት በታች ብወርድ፣ መጠጥ ጠጥቼ ብጠልቅ ወይም የጤና መጠይቁ ላይ ብዋሽ ክፍያው ይቀራል ይላል። ስለዚህ ውሉ ራሱ ልጓም ነው። እኔ ደግሞ ሕጉን ሁሉ ጠብቄም ነው የታመምኩት፤ ሐኪሞቹም ይህ እንደሚያጋጥም ነግረውኛል። ጥንቃቄ ዕድሉን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። የቀረችው ያቺ ትንሽ ዕድል የደረሰችበት ሰው ምን ይሁን?

---

የመድን ሠራተኛ

በደብረ ብርሃን ከተማ በመድን ሥራ ላይ ነኝ፤ የድርጅቴን ስም አልጠቅስም። እህታችን ሦስተኛው ገጽ ላይ ያየችውን ጉዳይ ልንገራችሁ፤ በየሳምንቱ የማየው ነገር ስለሆነ ያንገበግበኛል።

ለአውሮፓ የሼንገን ቪዛ የሚጠየቀው መድን ቢያንስ 30,000 ዩሮ ሽፋን ሊኖረው ይገባል። ሰው ይህን ቁጥር ሲያይ ሁሉ ነገር የተሸፈነለት ይመስለዋል። ቪዛውን ለማግኘት ብቻ ይገዛዋል፤ ፓስፖርቱ ውስጥ ከትቶት ይሄዳል። እነዚህ ውሎች ድንገተኛ ሕመምንና አደጋን ይሸፍናሉ፤ ስኩባ ጠለቃን፣ ማለትም በአየር ሲሊንደር መጥለቅን ግን ብዙዎቹ በስም ለይተው ያስወጡታል። የማያስወጡትም ቢሆኑ ጥልቀት ይወስናሉ፤ አንዳንዱ እስከ 18፣ አንዳንዱ እስከ 30 ሜትር፣ ያውም ምስክር ወረቀት ካለህ ወይም ፈቃድ ካለው አስተማሪ ጋር ከሆንክ ነው። ስለዚህ ሻጩን “ጠለቃ ይሸፍናል ወይ?” ብላችሁ አትጠይቁ፤ አዎ ብሎ ሊሸኛችሁ ይችላል። “የትኛው አንቀጽ ላይ ነው የተጻፈው?” በሉት። አንቀጹን ካላሳየ በጽሑፍ ይስጣችሁ።

ሁለተኛው ጉዳይ የገንዘብ አከፋፈሉ ነው፤ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሌላው ሁሉ የሚከብደውም ይህ ነው። አንዳንዱ መድን “መጀመሪያ ከኪስህ ክፈል፣ ደረሰኝ አምጣ፣ እንመልስልሃለን” ይላል። ለአንድ ጀርመናዊ ይህ ችግር ላይሆን ይችላል፤ ካርዱን አውጥቶ ይከፍላል። የደብረ ብርሃን ቤተሰብ ግን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከየት አምጥቶ በሌሊት ይልካል? ቤት ቢሸጥ እንኳ ገንዘቡ ብር ነው። ስለዚህ የምትገዙት መድን ለሆስፒታሉ በቀጥታ ዋስትና የሚልክ መሆኑን አረጋግጡ። የእህታችንን የግፊት ክፍል በር የከፈተው ያ ደብዳቤ ነው።

ሦስተኛ፣ የማጓጓዣው ነገር። የግፊት ክፍል ሁሉም ደሴት ላይ የለም። ታማሚው በአውሮፕላን መወሰድ ካለበት አውሮፕላኑ ውስጡን በባሕር ጠለል ግፊት መያዝ ወይም ዝቅ ብሎ መብረር አለበት፤ ተራ የመንገደኞች በረራ አይሆንም። ይህ ከሕክምናው ራሱ ሊበልጥ የሚችል ወጪ ነው። አንዳንድ የጠለቃ ማዕከሎች በየቀኑ ትንሽ ክፍያ ሰብስበው “የግፊት ክፍል ሽፋን ነው” ይላሉ። መጥፎ አይደለም፤ ግን ማጓጓዣን፣ የሆቴልና የትኬት ለውጥን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አስከሬን ወደ አገር መመለስን ይጨምር እንደሆነ ጠይቁ። የመጨረሻውን ማንሳት ደስ አይልም። ነገር ግን ልጃቸውን በውጭ አገር አጥተው፣ አስከሬን ለማምጣት ከጎረቤት ወደ ጎረቤት መዋጮ ሲለምኑ ያየኋቸውን አባት አልረሳቸውም። ጠለቃ አልነበረም፤ ሥራ ላይ ነበር። ቢሆንም ያው ነው።

---

የአጣዬ ልጅ

እኔ ያለሁት ዱባይ ነው። ከመሥሪያ ቤቴ የጤና መድን ካርድ አለኝ፤ ዓርብ ዓርብ ጓደኞቼ ወደ ፉጃይራ እየሄዱ ይጠልቃሉ። እኔ ምስክር ወረቀት የለኝም። አስተማሪ እጅ ይዞ እስከ 12 ሜትር የሚያወርደው የአንድ ቀን ሙከራ አለ፤ ለዚያም መድን ያስፈልጋል? ጥልቅ አይደለም ብለው ነው የሚያደፋፍሩኝ።

---

ሲስተር ከደብረ ሲና

ወንድሜ፣ ጥልቅ አይደለም የሚለውን አትመን። ናይትሮጅኑ በ12 ሜትር እምብዛም አያሰጋ ይሆናል፤ ሌላ አደጋ ግን አለ። የአየር መጠን በብዛት የሚለዋወጠው ላይኛው ውሃ ውስጥ ነው። ከ10 ሜትር ላይ የተሳበ አየር ውሃው ፊት ላይ ሲደርስ መጠኑ እጥፍ ይሆናል። የደነገጠ ጀማሪ ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ ከተፈናጠረ ሳንባው ሊቀደድ፣ አየሩም ወደ ደም ገብቶ አንጎል ሊደርስ ይችላል። ለዚህ ጥቂት ሜትር ይበቃል። ሕክምናው ያው የግፊት ክፍል ነው። ስለዚህ የመሥሪያ ቤትህ ካርድ ይህንን ይሸፍን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቅ፤ ካልሸፈነ ለአጭር ጊዜ የሚሸጥ የጠለቃ መድን አለ። ውሃ ውስጥ ሆነህም ትንፋሽህን በፍጹም አትያዝ።

---

የአጣዬ ልጅ

ልጅ እያለሁ አስም ነበረብኝ። አሁን የለኝም። መጠይቁ ላይ ልጻፈው?

---

የመድን ሠራተኛ

ጻፈው። ደብቀህ አንድ ነገር ብትሆን፣ ውሉን የሚያፈርሰው መጀመሪያ ያ ነው። የጠለቃ ሐኪም መርምሮ ከፈቀደልህ ግን ወረቀቱ ጥሩ ማስረጃ ይሆንሃል።

---

ሲስተር ከደብረ ሲና

እኔም ጻፈው እላለሁ፤ የእኔ ምክንያት ግን ከወረቀቱ ይልቅ ሳንባህ ነው።

---

የጋላፊ ሾፌር

ሲስተር፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ልጁ የሚሄደው በተለይ ትልልቆቹን ባለ ነጠብጣብ ሻርኮች ለማየት ነው። ሁለት ሌሊት ዝም ብሎ ተቀመጥ ብለው እሺ አይለኝም። ወጪውንም ይፈራል።

---

የጠባሴዋ

እኔ ልመልስ። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በአርታ በኩል ከኅዳር እስከ ጥር የሚመጡትን ዌል ሻርኮች ሰው የሚያያቸው በአብዛኛው ያለ ሲሊንደር፣ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ ብቻ አድርጎ ውሃው ፊት ላይ እየዋኘ ነው። በዚያ ናይትሮጅን አይጠራቀምም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ይገልብጠው፦ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ይጥለቅ፣ ለምሳሌ ሙሻ ደሴት አካባቢ፣ ሻርኮቹን ለመጨረሻ ይተዋቸው። ቀኑም አይባክንበትም። ወደ ታች ጠልቆ ለመግባት ግን አይሞክር፤ ላይ ላይ ብቻ።

መድኑን ግን ከመሄዱ በፊት ይግዛ። ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ፣ በአጭሩ ዳን የሚባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1980 ዱክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተጀመረ ነው፤ የአስቸኳይ ጊዜ ስልኩ ለአባልም አባል ላልሆነም ሰው ሃያ አራት ሰዓት ይመልሳል። ምክሩ ለሁሉም ነው፤ ሒሳቡን የሚከፍለው ግን መድኑን ለያዘ ሰው ነው። ሌሎችም የጠለቃ መድን የሚሸጡ አሉ፤ ውሉን አንብቦ ይምረጥ። ቁጥሩን ስልኩ ላይ ብቻ አይመዝግብ፤ ስልክ ውሃ ይገባበታል። እኔ በወረቀት ጽፌ ፓስፖርቴ ውስጥ አድርጌው ነበር። አንድ ቅጂም ለእርስዎ ይስጥዎት። ሰውየው ራሱ መናገር ሲያቅተው የሚደውለው ሌላ ሰው ነው።

---

የሞላሌው

ሾፌሩ ወንድሜ፣ የእኔም የልጅ ልጅ እዚያው ወደብ ላይ ነው። ልጁ ማደሪያ ቢቸግረው ሁለቱን ሌሊት እሱ ዘንድ ይደር። ወጪ አይሁንበት። በግል ጻፍልኝ።

---

የጋላፊ ሾፌር

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እጽፍልዎታለሁ።

---

የጋላፊ ሾፌር

ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው የምጽፈው፤ የልጁን ነገር ማወቅ ትፈልጋላችሁ ብዬ። ልጁ መድኑን ገዝቶ ነው የሄደው። የውሉን አንቀጽ ጮክ ብሎ አስነብቤዋለሁ፤ እስከ 30 ሜትር ይላል፣ የእሱ ወረቀት ግን 18 ስለሆነ 18 ነው ብለን ተስማምተናል። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መጨረሻውን ጠለቀ። ረቡዕ ሻርኮቹን አይቷል፤ ፎቶውን ልኮልኛል። የእኔ ጭነት ሐሙስ ጠዋት ዝግጁ ነበር፤ እሱ ግን ለመድኑ ሐኪም ደውሎ መንገዱን ሲነግረው “አንድ ቀን ብትጨምር እመርጣለሁ” አለው። የጭነቱን ባለቤት ለምኜ ዓርብ ማታ ተነሳን።

ሚሌ ላይ ብስኩት ገዝቼ ፊቱ አስቀመጥኩለት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጣርማ በር ስንደርስ እሽጉ ተነፍቶ ነበር። ልጁ እሱን ሲያይ ትከሻውን ያሻሻል፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ይነካካል። ምንም የለውም። ዋሻውን ወጥተን መኪናዋን አቁሜ ከጉሙ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምን፤ ብርዱ አይጣል ነው። አሁን ደብረ ብርሃን እናቱ ቤት ተኝቷል።